መመርመሪያው «ወባ የለም» አለ፣ ማይክሮስኮፑ ግን ሞልቶ አሳየኝ፤ የጎደለው ፕሮቲን የትኛው ነው?

የቆላው ላቦራቶሪ

ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን ምዕራብ ቆላ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ያጋጠመኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ከምታውቁት እንድታካፍሉኝ ልጠይቅ።

ሕመምተኛው ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የወረደ የ19 ዓመት ወጣት ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ነበረው። በአቅራቢያው ባለ ጤና ኬላ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ጣቱ ተወግቶ በፈጣን መመርመሪያ ታይቷል። ሁለቱንም ጊዜ የወጣው የቁጥጥር መስመሩ (መመርመሪያው መሥራቱን የሚያሳየው) ብቻ ስለነበር ማስታገሻ ተሰጥቶት ወደ ማሳው ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ጓደኞቹ ተሸክመው ሲያመጡት ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ የጠየቁትን በቅጡ አይመልስም። ወፍራምና ቀጭን የደም ቅብ ሠርቼ በጂምሳ ቀለምሁ። ሌንሱን ባንቀሳቀስሁበት ሁሉ ቀለበት፣ ማለትም ወጣት የወባ ፓራሳይት ነው፤ አንዳንዱ ቀይ የደም ሴል ሁለት ሁለት ይዟል። ገዳዩ የወባ ዓይነት ፋልሲፓረም መሆኑን ሥራ ባልደረባዬም አይቶ አረጋገጠ። አርቴሱኔት በመርፌ ተጀመረለት፤ ዛሬ ተቀምጦ ይበላል።

ያስጨነቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ያንኑ ደም በእኛው መመርመሪያ፣ ከሌላ ካርቶን አውጥቼ ሞከርሁት። ከቁጥጥር መስመሩ በቀር ምንም መስመር አልወጣም። የአገልግሎት ዘመኑ አላለፈም፣ ሙቀትም አልመታውም። ከዚያ ቀን ወዲህ «ነጻ ናችሁ» ብለን የሸኘናቸውን ሰዎች ፊት እያስታወስሁ ነው።

ዘረመል አጥኚ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ስላይድ ለመሥራት ስላልሰነፉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያ ልጅ የተረፈው በዚያ ነው።

የእርስዎ ጥርጣሬ ወዴት እንደሚያመራ ይገባኛል። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ፈጣን መመርመሪያው ፓራሳይቱን ራሱን አያይም። የሚያየው ፓራሳይቱ ወደ ደም የሚያፈሰውን አንድ ፕሮቲን ነው። ስሙ «ሂስቲዲን የበዛበት ፕሮቲን ሁለት» ሲሆን በሥራ ቋንቋ ኤችአርፒ ሁለት እንለዋለን። ከፕሮቲኖች መካከል እንግዳ ነገር ነው። ፕሮቲን ከሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች እየተመረጠ የሚሰካ ሰንሰለት ነው፤ አብዛኛው ፕሮቲን ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ይይዛል። በዚህኛው ግን ከየሦስቱ አንዱ ያህል ሂስቲዲን ነው፤ አላኒንም አይተናነስም። ቅደም ተከተሉን ብታነቡት አላኒን፣ ሂስቲዲን፣ ሂስቲዲን፣ አላኒን፣ ሂስቲዲን፣ ሂስቲዲን፣ አላኒን፣ አላኒን፣ አስፓርቲክ አሲድ ይልና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ያው ድግግሞሽ ይመላለሳል።

ለመመርመሪያ የተመረጠበት ምክንያትም ይኸው ነው። ወረቀቱ ላይ የተለጠፉት አንቲቦዲዎች የሚይዙት ያንን ድግግሞሽ ነው። አንዱ ሞለኪውል ብዙ መያዣ ስላለው ብዙ አንቲቦዲ ይጣበቅበታል፤ በዚህም መስመሩ ደምቆ ይወጣል። ፓራሳይቱ በብዛት ያመርተዋል፣ ቀይ የደም ሴሉ ሲፈነዳም ወደ ደሙ ፈሳሽ ይበተናል፣ ሙቀትም ይችላል። ለጤና ኬላ ከዚህ የተሻለ ምልክት ማግኘት ያስቸግር ነበር።

ችግሩ ፓራሳይቱ ያለ እርሱ መኖር መቻሉ ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረመል የሚገኘው በስምንተኛው ክሮሞሶም ጫፍ አካባቢ ነው፤ የክሮሞሶም ጫፍ ደግሞ በቀላሉ የሚቆረጥ ቦታ ነው። የቅርብ ዘመዱ ኤችአርፒ ሦስት በ13ኛው ክሮሞሶም ጫፍ ይገኛል። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ኤችአርፒ ሁለት ቢጠፋ እንኳ ሦስተኛው ፓራሳይቱ በበዛበት ደም ደብዛዛ መስመር ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱም የጠፉበት ፓራሳይት ግን በዚህ መመርመሪያ ፊት የለም ማለት ነው፤ ሴሉ ውስጥ እየበላና እየተባዛ እንኳ።

ይህ በፔሩ የአማዞን አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ ሲወጣ ብዙዎች የሩቅ አገር ጉዳይ አድርገውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤርትራ ውስጥ በጊንዳዕ ሆስፒታል ከተመረመሩ 26 ሕሙማን በ21ዱ ላይ ዘረመሉ ጠፍቶ ተገኘ፤ አገሪቱም መመርመሪያዋን ለወጠች። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪ መሪነት ተካሂዷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ በዚህ ፕሮቲን የሚሠራ መመርመሪያ ዘረመሉ በመጥፋቱ ብቻ 9.7 በመቶ የሚሆኑትን የፋልሲፓረም ሕሙማን እንደሚስት ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት «መመርመሪያ ቀይሩ» የሚልበት ድንበር 5 በመቶ ነው።

መጠርጠር ይቀድማል

ሐኪም ነኝ። ከላይ የተባለው እውነት ነው፤ ሆኖም ከአንድ ሕመምተኛ ተነስተን ዘረመል ጠፍቷል ማለት መቸኮል ነው። ፈጣን መመርመሪያ የሚስትባቸው ሌሎች መንገዶችም አሉ። ፓራሳይቱ ጥቂት ሲሆን ይስታል፤ ይህ በዚህ ልጅ ላይ አይሠራም። ፕሮቲኑ እጅግ ሲበዛም ይስታል፤ ይህ ግን ሊሠራ ይችላል። አንቲቦዲዎቹ በፕሮቲን ተጥለቅልቀው አንዱ ከአንዱ ጋር ድልድይ ሳይሠራ ሲቀር መስመር አይወጣም። ደሙን በጨው ውሃ አሥር እጥፍና ሃምሳ እጥፍ አቅጥነው ይድገሙት። መስመሩ ከወጣ ነገሩ ከመብዛት ነው።

ሌላም የማነሳው አለኝ። መመርመሪያውን ማጥላላት ስንጀምር ሕዝቡም ባለሙያውም «አይታመንም» ይልና ትኩሳት ላለበት ሁሉ ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት ወደ ማደል እንመለሳለን። ያ ዘመን ያስከፈለንን እናውቃለን። በተጨማሪም ሁሉም ስላይድ እንደ እርስዎ ስላይድ ጥሩ አይደለም። ቀለሙ የቆየ፣ ሌንሱ የተጫረ፣ አንባቢው መቶ ናሙና የተከመረበት ይሆናል።

የቆላው ላቦራቶሪ

ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። የተረፈው ደም በፍሪጅ ስለነበረ ዛሬ ጠዋት እንዳሉት አደረግሁ። በአሥር እጥፍም በሃምሳ እጥፍም አቀጠንሁት፤ አሁንም የቁጥጥር መስመሩ ብቻ ነው። ለማነጻጸር ከትናንት ሌላ ሕመምተኛ የወሰድሁትን የፋልሲፓረም ደም በዚያው ካርቶን ሞከርሁት፤ ወዲያው ደምቆ ወጣ። መመርመሪያው ጤነኛ ነው ማለት ነው።

መጠርጠር ይቀድማል

እንግዲያስ ጥርጣሬዬን አነሳለሁ። በማጣሪያ ወረቀት የደም ጠብታ አድርቀው ለክልሉ ላቦራቶሪ ይላኩ። በዘረመል ምርመራ መረጋገጥ አለበት።

ጤና ኬላ ላይ ያለሁ

ይህን ሁሉ እያነበብሁ ልቤ ተሰቅሏል። እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ማይክሮስኮፕ የለኝም፣ ያለኝ ይኸው መመርመሪያ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያው በእግር ሦስት ሰዓት ነው። እናቶች ልጅ አዝለው መጥተው መስመሩን አብረውኝ ይጠብቃሉ፤ ሲጠፋ ደስ ይላቸዋል። ከአሁን በኋላ ምን ልበላቸው? ደግሞስ ለሌላው የወባ ዓይነት፣ ለቫይቫክስ የሚወጣው መስመርም እንዲህ ይዋሻል ወይ?

ዘረመል አጥኚ

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። በብዙ ጤና ኬላዎች ለዓመታት የቆየው መመርመሪያ የፋልሲፓረሙ መስመር በኤችአርፒ ሁለት፣ የቫይቫክሱ ደግሞ ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ በሚባል ኢንዛይም ይሠራል። ስለዚህ የቫይቫክሱን መስመር ይህ ችግር አይነካውም። ዘረመሉ የጠፋበት ፋልሲፓረም ግን በሁለቱም መስመር አይታይም፤ ሁለተኛው መስመር የሚይዘው የቫይቫክስን ኢንዛይም ብቻ ነው።

ለእናቶቹ «ዛሬ መመርመሪያው አላገኘም» ይበሏቸው፤ «ወባ የለበትም» አይበሏቸው። ትኩሳቱ ካልለቀቀ ተመልሰው እንዲመጡ ቀን ይቁረጡላቸው፤ ያኔ ለስላይድ ይላኩ። ልጁ የሚንዘፈዘፍ፣ የማይጠባ፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ ወይም የፈዘዘ ከሆነ ግን መስመሩ ምንም ይበል ምን የዚያኑ ዕለት መላክ ነው።

ጡረተኛው የወባ ሠራተኛ

ልጆቼ፣ እኔ በወባ ማጥፊያ ድርጅት ዘመን ዲዲቲ ተሸክሜ ቆላውን የዞርሁ ሰው ነኝ። ፕሮቲን የሚባለውን እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ የማውቀው ይህ በሽታ የሸሸበትን በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ደጋ ድረስ ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ሰው አሳመመ፣ 150 ሺህ ገደማ ጨረሰ እየተባለ ሲነገር ነው ያደግሁት፤ ከእኛ መንደርም ያለቀ ቤት ነበር። በኋላ ክሎሮኪን ስንሰጥ ሰው በማግሥቱ ተነስቶ ያርስ ነበር። ከዚያ ዓመት በዓመት መፈወሱ ቀነሰ። እኛ «ሕመምተኛው በትክክል አልዋጠውም» እያልን ሰው ስንቆጣ ኖርን። ለካ ሰዉ ውጦት ነበር። ያንን ያህል ሰው የተቆጣሁት ዛሬም ይቆጨኛል። አሁን ደግሞ «መመርመሪያው በትክክል አልተሠራም» እያላችሁ የጤና ኬላዋን ልጅ እንዳትቆጡ።

የፕሮቲን ቅርጽ

ጋሼ፣ ያሉት ነገር ነካኝ። እኔ ጀርመን አገር የፕሮቲኖችን ቅርጽ በሚያጠና ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ያኔ እርስዎ ያዩት ነገር ዛሬ ፎቶ አለው ማለት ይቻላል።

ፓራሳይቱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሆኖ ሄሞግሎቢን ይበላል። ሲበላ ብረት ያዘለው ሂም ይተርፈዋል፤ ሂም ለእርሱ መርዝ ነው። ስለዚህ በምግብ ከረጢቱ ውስጥ ወደማይጎዳ ክሪስታል ይቀይረዋል። በስላይድ ላይ ቡናማ ሆኖ የሚታየው ያ ቅንጣት ነው። ክሎሮኪን ወደ ከረጢቱ ገብቶ ክሪስታሉ እንዳይሠራ ያግዳል፣ ፓራሳይቱም በገዛ ትራፊው ይመረዛል። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ 424 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ግድግዳውን አሥር ጊዜ እየበሳ የሚመላለስ አንድ አጓጓዥ ፕሮቲን አለ። በዚህ ፕሮቲን 76ኛ ቦታ ላይ የነበረው ሊሲን በትሪዮኒን ሲተካ የበሩ ጠባይ ይለወጣል። ሊሲን አዎንታዊ ሙሌት አለው፤ ክሎሮኪንም ከረጢቱ ውስጥ አዎንታዊ ሙሌት ስለሚይዝ ይገፋፋሉ። ገፊው ሲነሳ ሌሎች ለውጦች ታክለውበት ክሎሮኪን በዚያ በር ወደ ውጭ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዚህ ፕሮቲን ቅርጽ ሲታይ የተለወጡት ቦታዎች በአብዛኛው የመተላለፊያውን ክፍተት ከበው ተገኙ።

ኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም ክሎሮኪንን እ.ኤ.አ. በ1998 ትታ ወደ ፋንሲዳር፣ በ2004 ደግሞ ወደ ኮአርተም ሄደች። ማላዊ በ1993 ክሎሮኪንን ስትተው ከዓመታት በኋላ መድኃኒቱ የሚገድለው ፓራሳይት ተመልሶ በዝቷል። በእኛ ግን ክሎሮኪን ለቫይቫክስ ሲሰጥ ስለቆየ የተለወጠው በር ብዙም አልተመለሰም። አንድ አገር ውስጥ ሁለት ዓይነት ወባ መኖሩ የሚያስከትለውን ጣጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ

ይቅርታ፣ ምናልባት ቀላል ጥያቄ ይሆናል። ኤችአርፒ ሁለት የማያስፈልገው ከሆነ ፓራሳይቱ ለምን ያመርተዋል? ደግሞስ ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝንስ ለምን አይጥለውም? ሁለቱም ፕሮቲን አይደሉም ወይ?

የፕሮቲን ቅርጽ

ወንድሜ፣ የዚህ ክር ልብ ያለው እርስዎ የጠየቁት ጥያቄ ላይ ነው።

ኤችአርፒ ሁለት ሂምን በደንብ ይይዛል፤ ሂስቲዲን ብረት ይወዳል። በዚህ የተነሳ ክሪስታሉን የሚሠራው እርሱ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ በዓለም ላቦራቶሪዎች ከሚያድጉት የፓራሳይት ዘሮች አንዱ ኤችአርፒ ሁለት የለውም፣ ሌላው ኤችአርፒ ሦስት የለውም፣ ከሁለቱ መዳቀል የተገኘ አንድ ዘር ደግሞ ሁለቱም የሉትም። ሦስቱም ያድጋሉ፣ ክሪስታልም ይሠራሉ። ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ የመኖር ያለመኖር ጉዳይ ግን አይደለም።

ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ ሌላ ነገር ነው። በደም ውስጥ ያለው ፓራሳይት ጉልበቱን የሚያገኘው ስኳር በመሰባበር ነው፤ የሚፈጀው ስኳርም ጤነኛ ቀይ የደም ሴል ከሚፈጀው በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ይህ ኢንዛይም የስኳሩን ትራፊ ፒሩቬት ወደ ላክቴት ሲቀይር የስኳር ስብራቱ እንዲቀጥል የሚያስፈልገውን ረዳት ሞለኪውል መልሶ ያድሳል። ኢንዛይሙ ከቆመ እሳቱ ይጠፋል። ከእኛ ኢንዛይም የሚለይበትም አለ፤ በሥራ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለው ቀለበት አምስት ተጨማሪ አሚኖ አሲዶች ስላሉት ሰፋ ይላል። ስለዚህ ፓራሳይቱ እንደ ኤችአርፒ ሁለት ቆርጦ ሊጥለው አይችልም፤ ቢጥለው ይሞታል። ለመመርመሪያ የሚፈለገው እንዲህ ያለው ነው።

ዘረመል አጥኚ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ «የግድ የሚያስፈልገው ፕሮቲን አያመልጥም» የሚለው ሐሳብ ብቻውን አይበቃም። ኬልች 13ን እንይ። 726 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ነው፤ ጫፉ ስድስት ክንፍ ያለው መዘውር ይመስላል። ፓራሳይቱ ሊጥለው አይችልም፣ ያለ እርሱ አይኖርም። ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2020 ግልጽ ሆነ፤ ፓራሳይቱ ገና ቀለበት ሳለ ሄሞግሎቢን በሚጎርስበት አፍ ዙሪያ ይሠራል። በኮአርተም ውስጥ ያለው የአርቴሚሲኒን ዘር መድኃኒት ደግሞ የሚቀሰቀሰው ከሄሞግሎቢን በሚወጣው ሂም ነው። ፓራሳይቱ ኬልችን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያላላዋል፣ ጉርሻው ይቀንሳል፣ ሂሙም ይቀንሳል፣ መድኃኒቱ ሳይቀሰቀስ ሰዓቱ ያልፋል። እየተራበ ማለፍ ማለት ነው። በካምቦዲያ 580ኛው ቦታ፣ በሩዋንዳ 561ኛው፣ በእኛና በኤርትራ ደግሞ 622ኛው ቦታ ላይ አርጂኒን በአይሶሉሲን ተተክቶ ታየ። ከላይ በጠቀስሁት የኢትዮጵያ ጥናት ናሙናዎች ላይ የተመሠረተ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2023 ይህ ለውጥ በ8 በመቶ ሕሙማን ላይ እንዳለ አሳየ። ኤችአርፒ የጠፋባቸውም ለውጡ ያለባቸውም ፓራሳይቶች በአንድ አካባቢ መገኘታቸው ነው እኔን የሚያስፈራኝ፤ በአንድ ፓራሳይት ላይ ሁለቱም የተገናኙበትም አለ። ኮአርተም እስካሁን የሚፈውሰው አጋሩ ሉሜፋንትሪን ስለሚሠራ ነው፤ እርሱን መጠበቅ አለብን።

የኤችአርፒ ሁለት መጥፋት እንዴት እንደበዛም ልናገር። ዘረመሉ ያለው ፓራሳይት በመመርመሪያው ይገኛል፣ መድኃኒት ይወስዳል፣ ይሞታል። የሌለው ሳይታይ ይቀራል፤ ሰውየው ታሞ አልጋው ላይ ሳለ ትንኝ ትነክሰውና ያንኑ ይዛ ትሄዳለች። በየክረምቱ መጨረሻ ይህ ይደጋገማል። በእኛ አገር ናሙና ላይ የተደረገው የዘረመል ትንተናም የኤችአርፒ ሁለት መጥፋት በቅርብ ጊዜ በብርቱ ተመርጦ የተስፋፋ መሆኑን አሳይቷል።

መጠርጠር ይቀድማል

እንግዲያስ ኤችአርፒ ሁለትን ትተን ወደ ኢንዛይሙ መሄድ ብቻ ነው ወይ? ዋጋ እንደምንከፍልም ይታወቅ። የኢንዛይሙ መመርመሪያ በአብዛኛው ጥቂት ፓራሳይት ሲኖር ይደክማል፣ ሙቀትም ይጎዳዋል፤ ቆላ ደግሞ ሙቀት ነው። ሌላም አለ። የፋልሲፓረም ጎልማሳ ፓራሳይት በስላይድ ላይ ለምን እንደማይገኝ ታውቃላችሁ። ከ60 ገደማ ዘረመሎች አንዱን እየመረጠ በሴሉ ቆዳ ላይ መንጠቆ ፕሮቲን ያወጣል፤ በዚያ መንጠቆ ከቀጭን የደም ሥር ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ከዝውውር ይወጣል። አንጎል ውስጥ፣ በእርጉዝ ሴት እንግዴ ልጅ ውስጥ ይሸሸጋል። ስላይዱ የሚያሳየን ገና ያልተጣበቁትን ወጣት ቀለበቶች ነው። ኤችአርፒ ሁለት ግን ከተሸሸጉትም ስለሚፈስ መጠኑን በደሙ ፈሳሽ ውስጥ የለካ ሐኪም የጠቅላላውን ሸክም ይገምታል። ያንን ምስክር ማጣት ቀላል አይደለም።

በሌላ በኩል ኤችአርፒ ሁለት ከታከሙ በኋላ ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። የዳነ ሰው እንደገና «ወባ» ይባላል። ኢንዛይሙ ፓራሳይቱ ሲሞት ቶሎ ይጠፋል። ለእኔ ጥሩው ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ የያዘ መመርመሪያ ነው።

ዘረመል አጥኚ

በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ ዶክተር። የፋልሲፓረሙ መስመር በሁለቱም የሚወጣ ቢሆን አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይናገራል።

ጤና ኬላ ላይ ያለሁ

እኔም ከዛሬ ጀምሮ መስመር ያልወጣላቸውን ትኩሳት ያለባቸውን በደብተር እየመዘገብሁ በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ድረስ ሄጄ አያለሁ። ዛሬ ሰባት ጻፍሁ።

ጡረተኛው የወባ ሠራተኛ

ልጄ፣ እኛም የምንሠራው እንደዚያ ነበር፤ ቤት ለቤት። ጎጆውን በበሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር እየጻፍን።

የቆላው ላቦራቶሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያለፈው ወር መዝገብ ላይ ትኩሳታቸው ሳይለቅ ተመልሰው የመጡትን ፈልጌ፣ ፈቃደኛ ከሆኑት የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ወሰድሁ። ከወጣቱ ጋር 14 ናሙና ሆኗል። እያንዳንዱን በየፖስታው ከእርጥበት መከላከያ ጋር አሽጌ ዛሬ ማለዳ በሚወርደው መኪና ልኬአለሁ። ወጣቱ ትናንት ወጣ። ሲሄድ የተወጋውን ጣቱን አሳይቶኝ «ይኼ ደም መጀመሪያም ያው ነበር እኮ» አለኝ። አልመለስሁለትም። የናሙናዎቹ ውጤት ሲደርስ እዚሁ እጽፋለሁ።